ባልዲ ውስጥ ያደገች ሎሚ

እህቴ ከሞተች አሥር ወር ሊሞላት ነው። ስሟ ሲነሳ ዛሬም መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ እንባው ኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። «እህቷ የሞተችባት ሴት እንዲህ ትናገራለች?» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። እሷን የሚያውቃት ይረዳኛል፤ የማያውቃት ደግሞ እስቲ ይስማና ይፍረድ።

እትዬ ነበር የምላት። የምትበልጠኝ በአራት ዓመት ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከእናታችን ይልቅ እሷን ነበር የምፈራው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል ሠራች። ጠባብ፣ ረጅም ክፍል ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የበሽተኛ ካርድ የተደረደረበት፣ ፀሐይ የማይገባበት፣ ሰው አንገቱን አስግጎ ስሙን የሚናገርባት አንዲት መስኮት ብቻ ያለችው። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስትምግ ውላ ትመጣና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ነው የምትወጣው። መጀመሪያ ሰላም የምትለው አትክልቶቿን ነው፤ እኛ ከነሱ ቀጥሎ ነው ተራችን የሚደርሰው።

በረንዳ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተንጠለጠለች፣ አራት እርምጃ የማትሞላ ቁራጭ ሲሚንቶ ናት። እትዬ እዚያች ላይ ያልደረደረችው ዕቃ አልነበረም፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ቆርቆሮ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ የቀለም ባልዲ። ጽጌረዳ አለ፣ ጀራኒየም አለ፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል አለ። የልብስ ገመዱ ለነሱ ሲባል ተፈቶ፣ የታጠበ ልብስ ወንበር ላይ ነበር የሚሰጣው። ባሏ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «እኔ እዚህ ቤት ማዕረጌ ከጀሪካኑ በታች ነው» ይል ነበር። እሷም ቀና ሳትል «ጀሪካኑ አያኮርፍማ!» ትለዋለች።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። «እጃችሁ ይገድላል» ትላለች፤ ለባሏም፣ ለልጇም፣ ለኔም። አንድ ጊዜ ልጠይቃት መጥቼ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ከጀራኒየሙ ላይ ቢጫ ቅጠል አየሁና ቀነጠስኩ። አንዲት ቅጠል! ማታ ገብታ ቆጥራ ይሁን አሽትታ እንጃ፣ አወቀች፤ ሳምንት ሙሉ ዘጋችኝ። ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ትከትና አውጥታ ታየዋለች፤ ከዚያ ወይ ታጠጣለች ወይ ትታ ታልፋለች። ምን እንዳየች ጠይቀናት አናውቅም። ብንጠይቃትስ መቼ ትነግረን! ሙያዋን እንደ ቁልፍ ጡቷ ሥር ነበር የምትይዘው።

ከሁሉም የምትሳሳው ለሎሚዋ ነበር። ልጇ ሚጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች ጉንፋን ይዟት ሎሚ ሲጨመቅላት፣ አንዲት ዘር ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ወድቃ በቀለች። እትዬ እሷን ከቆርቆሮ ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ ቀለም ባልዲ እያዛወረች አሥራ ሁለት ዓመት አሳደገቻት። ቁመቷ ከሾፌሩ ትከሻ ደረሰ፤ እሾኋ በረንዳ የወጣውን ሁሉ ይቧጥጣል፤ አበባ ግን የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀባት። «ሎሚ ነው ያልሽን? እሾህ ነው እኮ የተከልሽው!» ይሏታል። «እናንተም አሥራ ሁለት ዓመት ቆማችሁ እያያችሁኝ ምንም አልወጣችሁም» ትላለች እህቴ። አፏ እንደሆነ ስለት ነበር።

ያመማት ዓመት ነው ሎሚዋ ያበበችው። ጉድ እኮ ነው! ሐኪሙ «ጉበቷ ላይ ደርሷል፤ ወራት ነው የቀራት» ባለን በሦስተኛው ሳምንት፣ ነጫጭ አበባዎች ብቅ ብቅ አሉ። አልጋዋን ወደ በረንዳው በር አዞርንላት። አበባው አብዛኛው ረገፈ፤ ሦስት ፍሬ ብቻ ያዘ፤ አተር አተር የሚያክሉ። «ቢጫ ሲሆኑ በእጄ ቆርጬ ለሦስታችሁ ሳልጨምቅላችሁ አልሞትም» አለች። እግዜርን እንደ ካርድ ክፍል አለቃዋ ነበር የምታዝዘው፤ እሱ ግን አልታዘዛትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ የሰው ቀሚስ እዘመዝማለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያኔ አንድ ጨርቅ መደብር ደጃፍ ላይ ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ጥግ ተከራይተን፣ በየስፌት መኪናችን እንሰፋ ነበር። «በሩን ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት።

«ስሚኝ። ሎሚዋን ላንቺ ነው የሰጠሁሽ። ሾፌሩ ረስቶ ያደርቃታል። ሚጣ ደግሞ ልቧ ውጭ ውጭ ነው የሚለው። በየቀኑ አጠጫት፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳያልፍሽ። አደራ ብዬሻለሁ። ለነሱ እንዳትነግሪ፣ ቅር ይላቸዋል። ካንቺ እጅ በቀር የማምነው እጅ የለኝም።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ አልተሰማኝም። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚች ሴት አፍ አንዲት «ጎበዝ» ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ። የሰፋሁላትን ቀሚስ ሁሉ ገልብጣ ስፌቱን እያየች «እዚህ ጋ ተጨማዷል» የምትለኝ ሴት፣ እጄን አመነችው። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ እህቴ እየሞተች እኔ ደስ አለኝ። ምን ልደብቃችሁ።

ሎሚዎቹ ብይ ሲያክሉ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ የተከራየሁትን ክፍል ቁልፍ መልሼ፣ የጨርቅ መደብሩን ጥጌን ለጓደኛዬ ትቼ፣ መኪናዬን አሸክሜ እነሱ ቤት ገባሁ። «ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው» አልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ። ሾፌሩን ወንድሙ ገጠር ወስዶ አብሮት ሊያኖረው ለምኖት ነበር፤ «ቤቴን ጥዬ የትም አልንቀሳቀስም» አለው። ሚጣ ፋርማሲስት ናት፤ ሌላ ከተማ የመድኃኒት ቤት ኃላፊ እንድትሆን ደብዳቤ መጥቶላት ነበር፤ ስንት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነው። «አልፈልግም» ብላ መለሰችው። አባትና ልጅ ሐዘን ነው ያሰራቸው ብዬ አዘንኩላቸው። ሦስታችንም አንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጥን።

እኔ ቀን ቀን ነበር የማጠጣው፤ እነሱ ሳይኖሩ፤ ሚጣ ሥራ ላይ ናት፣ ሾፌሩም ቀኑን ውጭ ነው የሚውለው። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናዬን አቁሜ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዤ እወጣለሁ፤ ሩዝ ያጠብኩ እንደሆነም እሱን ውሃ አልደፋም፣ ለሷ ነው። አፈሩን ርጥብ ሆኖ ሳገኘው «የትናንቱ ውሃዬ እስካሁን ይዞላታል» ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። የታችኛዋ ጎረቤት «ውሃ የታጠበ ልብሴ ላይ ይንጠባጠባል» ብላ ስትጮህ ሾፌሩ የልብስ ሳፋ አምጥቶ ከባልዲው ሥር አኖረ። ሳፋው ሁልጊዜ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው። እሰይ፣ ጠግባለች ማለት ነው አልኩ። እኔ ደንቆሮ!

በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ቅጠሏ ወየበ። ከዚያ ጠወለገች፤ ጫፎቿ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። የጠማው ተክል እንዴት እንደሚሆን ማንም ያውቃል አይደል? እሷም እንደዚያው ነበር የሆነችው። ስለዚህ አንዱን ማንቆርቆሪያ ሁለት አደረግሁት። በልቤም እነዚያን ሁለቱን መራገም ጀመርኩ። የገዛ ሚስቱ ተክል እየደረቀች ዞር ብሎ እንኳ አያይም! የገዛ እናቷ! አንድ ቀን «ምነው፣ ዕቃ ለማጠብ የምትደፉትን ውሃ ለዚች ምስኪን ብታካፍሏት?» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ፣ አደራውን አስቤ ዋጥኩት።

እነሱ ግን አልዋጡትም። ማታ እራት ላይ ተቀምጠን ሚጣ ማንኪያዋን ቁጭ አደረገችና፣ «አባዬ፣ የእማዬን ሎሚ አይተሃታል?» አለችው።

«አይቻታለሁ። አንቺስ?»

«እኔማ አያታለሁ። ለሷ ግድ የሌለው ሰው ነው የማያያት።»

«ማንን ነው የምትነኪው?»

«ማንንም። ዓይን ያለው ይይ።»

ተነስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መነጋገር አቆሙ። «ለአባትሽ ሻይ ስጪው» ስላት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እሱም እስኪቀዘቅዝ አይነካውም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያዋ ፍሬ ወደቀች፤ ሳፋው ውስጥ ተንሳፍፋ አገኘኋት። ሁለተኛዋ በሦስተኛው ቀን። ቀረች አንዲት። ያቺ አንዲት ከወደቀች እህቴ ዳግም ልትሞትብኝ ነው፤ ያውም በኔ እጅ። በየሰዓቱ እየወጣሁ አያታለሁ፤ በወጣሁ ቁጥር ደግሞ ባዶ እጄን አልወጣም።

መጨረሻ ላይ እሁድ ቀን መንገድ ዳር ችግኝ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሄጄ ለመንኳት። እትዬ ዘር የምትለዋወጣት ሴት ናት፤ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ በረንዳው ላይ ስትደርስ፣ ሾፌሩም ሚጣም ከየክፍላቸው ወጡ። ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ፤ ሳይተያዩ።

ሴትዮዋ ምንም አልጠየቀችም። ጣቷን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተተች። አውጥታ አሸተተችው፤ ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ ላስቲክ አስነጥፋ ባልዲውን ወደ ጎን አጋድማ፣ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ ሎሚዋን ከነአፈሯ ሳብ አደረገቻት። የመጣውን ሽታ ምን ልበላችሁ፤ የተደፈነ ቱቦ ሽታ። ሥሩ ጠቁሯል፤ በሁለት ጣቷ ስትይዘው ልጣጩ እንደ እርጥብ ክር ተገፎ እጇ ላይ ቀረ።

«ይቺ አልጠማትም» አለች። «ሰጥማ ነው። ማነው የሚያጠጣት?»

«እኔ» አለ ሾፌሩ።

«እኔ» አለች ሚጣ።

ከአንድ አፍ እንደወጣ ነበር። ዞረው ተያዩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የተያዩት ያኔ ነው።

«መቼ መቼ?» አለች ሴትዮዋ።

«ጎህ ሳይቀድ» አለ ሾፌሩ። «ሥራ የነበርኩ ጊዜ የምነቃበት ሰዓት ላይ። በየቀኑ።»

«ከሥራ ስገባ» አለች ሚጣ። «በየቀኑ። ለክታ፣ ግማሽ ሊትር።»

ሴትዮዋ አንዴ ጥቁሩን ሥር፣ አንዴ ሙሉውን ሳፋ አየች። «ሁለት ሰው ብቻ?» አለችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«በስስት ገደላችኋት» አለች። «አንድ ሰነፍ ብታገኝ ኖሮ ትድን ነበር።»

ሚጣ አልሰማቻትም። «አባዬ፣ አንተ ምን አግብቶህ ነው የምታጠጣት? ለኔ እኮ ነው የሰጠችኝ። በሩን ዝጊ ብላ፣ ‹ካንቺ እጅ በቀር...›»

«‹...የማምነው እጅ የለኝም›» አለ ሾፌሩ። ጨረሰላት። ቃል በቃል።

ሾፌሩ ተገልብጦ የተቀመጠ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ አውቶቡስ በትከሻው የሚያዞር ነበር የሚመስለው፤ እንደዚያ ቀን አንሶ አይቼው አላውቅም። «ሠላሳ ዓመት አንዲት ቅጠል አስነክታኝ አታውቅም» አለ። «እጅህ ይገድላል ነበር የምትለኝ። መጨረሻ ላይ አመነችኝ ብዬ... ሲነጋ ሲነጋ ደስ እያለኝ ነበር እኮ የምነሳው።» ከዚያ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰ ሰው ነው።

ሚጣ አላለቀሰችም። «እኔ ያንን ሥራ የመለስኩት ለሷ ብዬ ነው» አለች። «አንተ ታደርቃታለህ ብላኝ! እኔ ሕይወቴን ለባልዲ ሰጥቼ ቁጭ ብያለሁ!» ክፍሏ ገብታ በሩን ላዩ ላይ ደረገመችው።

ችግኝ ሻጯ የበሰበሰውን ሥር ቆርጣ ጥላ፣ በደረቅ አፈር መልሳ ተከለቻት። «ተስፋ አልሰጣችሁም» አለች። እውነቷን ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሎሚዋ ከላይ እስከ ታች ደረቀች። የመጨረሻዋ ፍሬ ግንዷ ላይ እንዳለች ተጨማደደች፤ እንደ ሁለቱ አረንጓዴ ሆና እንኳ አልወደቀችም።

ከዚያ በኋላ እኔ ምን ስል እንደምውል ልንገራችሁ። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እህቴን እመረምራታለሁ። ማናችንንም ስላላመነች ነው ለሦስታችንም የሰጠችው? ወይስ ተበትነን እንዳንቀር አንድ ባልዲ ላይ ልታስረን ፈልጋ? ወይስ የህመም ማስታገሻው ነው፤ ለማን እንደተናገረች ረስታ ነው? ቀብሩ ዕለት የካርድ ክፍል ባልደረቦቿ አንድ በአንድ እየመጡ ጆሮዬ ሥር «ለማንም የማትነግረውን ለኔ ነበር የምትነግረኝ» ብለውኝ ነበር፤ ሦስት ሴቶች፤ ሦስቱም በምስጢር። እንግዲህ ልማዷ ነበር ማለት ነው። ሰውን የምትይዘው እንደዚያ ነበር፤ እያንዳንዱን ለብቻ፣ በር አስዘግታ። ክፋት ነው እንዳልል ክፉ አልነበረችም። ደግነት ነው እንዳልል ደግሞ ይኸው ያደረገችን። ቆሽቴ እያረረ መልሼ ደግሞ አዝንላታለሁ፤ እንኳን እኛን፣ አንዲት ባልዲ እንኳ ለሰው ለቃ መሄድ አቅቷት ነበር።

ሾፌሩ አሁን በረንዳው ላይ አይወጣም። ሌሎቹ ተክሎችም አንድ በአንድ ሄዱ፤ ማናችንም ውሃ ልንሰጣቸው ድፍረት አጣን። የልብስ ገመዱን መልሰን ሰቀልነው።

ሚጣ ለዚያ ከተማ መድኃኒት ቤት ሰዎች እንደገና ደብዳቤ ጻፈችላቸው። የኃላፊነቱ ቦታ ተይዟል፤ ዝቅ ያለ ሥራ ሰጧት፤ እሺ አለች። የሄደችው ባለፈው ሳምንት ነው። አባቷን ተሰናበተችው፤ ግንባሯን ሳማት። እኔ ልሸኛት አንዱን ሻንጣ ይዤ ተከተልኳት። ደረጃው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና ዞረች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ላንቺስ ብላሽ ነበር?»

ዓይኗ የእናቷ ዓይን ነው፤ አያፈናፍንም። አዎ ብላት ከሦስት አንዷ ልትሆን ነው፤ ከሁለት አንዷ መሆንን እንኳ ገና አልቻለችውም። ደግሞም ማንቆርቆሪያው አለ፤ ከሁሉም አብልጬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ለሷ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን ጻድቅ አላደርግም፤ ግማሹ ለሷ ስል፣ ግማሹ እፍረቴ ነው። ግን ያቺ «ካንቺ እጅ በቀር» ያለችኝ ቃል ከእህቴ ያገኘኋት ብቸኛ ነገር ነበረች፤ ሌላ የለኝም።

«ኧረ ምን ብላ!» አልኳት። «ለኔማ ምንም አላለችኝም።»

ረጅም ትንፋሽ ወጣት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ አሳዘንኳት። ሻንጣዋን መሬት ጥላ መጣችና አቀፈችኝ፤ ጀርባዬን እንደ ሕፃን እየመታች። «ውይ አክስቴ! አይክፋሽ እሺ? አንቺንም እኮ ትወድሽ ነበር። ሳታስበው ቀርታ ነው እንጂ፣ ላንቺም የምትለው አታጣም ነበር።»

«ይሆናል፣ ልጄ» አልኳት፤ ሻንጣውን አንስቼ ደረጃውን ወረድኩ።